ክሩ የላላበት የወይራ ወራት

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

ተመዘገብኩ። የክበባችን የአማተር ጊታር አጃቢዎች ውድድር ነው፤ ማጣሪያው ዲሴምበር አጋማሽ ላይ፣ ፍጻሜው ፌብሩዋሪ መጨረሻ። «ሥራ» የሚለው ቦታ ላይ «ጸጉር ሠሪ» ብዬ ስጽፍ የክበቡ ጸሐፊ ቀና ብሎ አየኝና «ታዲያ በመቀስ ልታጅቢ ነው?» አለኝ። «አንተን ከሆነ በምላጭ» አልኩት። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። በዚህ ክበብ ጊታር ታቅፋ ለውድድር የተቀመጠች ሴት የለችም። ማንም ከልክሏችሁ አያውቅም ይላሉ። ይበሉ።

ከሁሉ በፊት መጻፍ የነበረብኝን ረሳሁት። አባባ ፎንሶ እሺ አሉኝ! ዳኞቹ የሚመዝኑት ጊታሪስቱን ነው፤ ግን ጊታሪስት ብቻውን አይገባም፣ ዘፋኙን ይዞ ይመጣል። አባባ ፎንሶ የክርስትና አባቴ ናቸው። ጊታር አያያዝ ያሳዩኝ እሳቸው፣ ዘፋኝ ሲዘፍን አፍሽን ዝጊ ጆሮሽን ክፈቺ ብለው ያሳደጉኝም እሳቸው። በከተማችን በሎማ ሴካ ሶሌያ የሚባለውን የፍላሜንኮ ዘፈን እንደሳቸው የዘፈነ የለም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን መድረክ ላይ አልወጡም።

«አንቺ ከጠየቅሽኝ እሞታለሁ እንጂ እምቢ አልልም» አሉኝ። «ግን በድሮው የድምፅ ከፍታዬ ነው። አምስት ላይ። ከአምስት ወርጄ በሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም፤ የወረድኩ ቀን ቤቴ እቀመጣለሁ።»

ብራውሊዮ ማታ ሳህን ሲያጥብ አገኘሁት። ባሌ በሃያ ዓመት ትዳር ሳህን የነካው ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዱን ሰብሮታል። «ጥፍርሽን ጠብቂ» አለኝ፣ ዞር ሳይል። እግዜር ይስጠው።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ደንበኛዬ ወይዘሮ ኡርሱላ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጠው ጥግ ላይ ያቆምኳትን ጊታር ሲያዩ ቆዩና «አንገቷ ላይ ያሰርሽባት የልብስ መቆንጠጫ ምንድን ነው?» አሉኝ። ካፖ እንደምትባል ነገርኳቸው። የዘፋኙ ድምፅ ቀጭን ከሆነ ወደ ጊታሯ ሆድ ትወጣለች፣ ወፍራም ከሆነ ወደ ራሷ ትወርዳለች። አንድ ላይ ከታሰረች ዝቅ ያለ ነው፣ አምስት ላይ ከታሰረች ከፍ ያለ።

«ስለዚህ ወንዶቹ ዘፋኙን ሳይሰሙ እሷን ነው የሚያዩት በይኛ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የክበቡ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ይቀመጡና አይናቸው መጀመሪያ ካፖዋ ላይ ነው። «ፎንሶ አምስት ላይ ነው» ብለው ሲንሾካሾኩ ከልጅነቴ ጀምሬ ሰምቻለሁ።

ዛሬ ሁለት ደንበኞች ጸጉራቸውን ቤታቸው ታጥበው መጡ። ክር የምመታበትን ጥፍሬን ውሃ እንዳያለሰልሰው ነው። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ሶስተኛዋ «ግን የቀኝ እጅሽ ጥፍር ጭንቅላቴን እየቧጨረኝ ነው፣ ለጥበብ ብዬ ነው የምችልሽ» አለችኝ።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

የመጀመሪያ ልምምድ። ሐሙስ ከሰዓት ሳሎኑን ስለምዘጋ እዚሁ ከመስታወቶቹ ፊት ተቀመጥን። ካፖ አምስት። ሶሌያ ዝግ ብላ የምትሄድ ከባድ ዘፈን ናት፤ ስንኙ ይጀምርና መሃል ላይ ሽቅብ ይወጣል። እዚያ አቀበቱ ላይ ድምፃቸው ተንሸራተተ። እንደገና ሞከሩ። ከዚያ ሳሉ፣ ረጅም ሳል፣ ወንበሩን ይዘው።

«ምድጃሽ ያጨሳል» አሉኝ።

ምድጃዬ የኤሌክትሪክ ነው። አቧራ ግን አይጠፋውም፣ ነገ አጸዳዋለሁ።


ሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ምድጃው ተጸድቷል። ጣሪያውም ተጠርጓል። የጸጉር መርጫውን ጠርሙስ ሁሉ ጓዳ አስገባሁ። ከመቸኮሌ የተነሳ የኡርሱላን ቀለም አስር ደቂቃ አሳልፌ ካሮት አስመሰልኳቸው። «ለገና ይሆነኛል» አሉ። ምን ዓይነት ሰው ናቸው!


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

ዛሬ ያደረግኩትን መጻፍ አሳፍሮኝ ነበር፤ ግን ለማን ልናገር።

አባባ ከመምጣታቸው በፊት ስድስቱንም ክር በግማሽ ድምፅ አላላኋቸው። ካፖዋን አምስት ላይ አሰርኩ፤ የሚያዩት አምስት ነው፣ የሚዘፍኑት ግን አራት ነው። ተቀመጡ፣ ካፖዋን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያ አቀበት ሲመጣ ትንፋሼን ያዝኩ። ወጡት! ከስንኙ ጫፍ ደርሰው ጭናቸውን በመዳፋቸው መቱ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ለማየት ጊታሯን ግማሽ ቀን ባላላትም አይቆጨኝም።

ማታለል ነው? ጸጉሩ የሳሳ ደንበኛ ሲመጣ መስታወቱን ትንሽ ዘንበል አድርጌ የምይዘው እኔ አይደለሁም? ሥራዬ ነው። ደግሞ የጉንፋን ወራት ነው፣ ሲሻላቸው ክሩን እመልሰዋለሁ።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28

ግማሹ አልበቃም። ዛሬ ሙሉ አንድ ድምፅ አወረድኩት።

«ጊታርሽ ዛሬ ወፍራም ወፍራም ትላለች» አሉ አባባ።

«እርጥበት ነው አባባ። ሰሞኑን ዝናብ ነበር።»

«እርጥበት» አሉ። ጣሪያውን አዩ፣ ፈገግ አሉ፣ የሎሚ ሻያቸውን ፉት አሉ። «ይሁን፣ ጥሩ እርጥበት ነው። ጀምሪ።»

ልጃቸው ቴክላ ልትወስዳቸው መጣች። ሻርባቸውን ስታስርላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ «ቪሲ፣ ሐኪሙ ያለውን ነግረውሻል?» አለችኝ። «ጉንፋን ነው ብለውኛል» አልኳት። የሻርቡን ቋጠሮ ፈታችና እንደገና አሰረችው። «እንግዲያው ጉንፋን ነው» አለች። ልታስከትል የነበረ ነገር ነበራት፤ እኔ ግን ደንበኛ አለኝ ብዬ ገባሁ። ሐሙስ ከሰዓት ደንበኛ እንደሌለኝ ቴክላ ከማንም በላይ ታውቃለች።


ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 3

የመሃል ጣቴ ጥፍር ቢጎዲን ስጠቀልል ተሰበረ። በሱፐር ግሉና በሐር ጨርቅ ቁራጭ ለጠፍኩት። ብራውሊዮ ከወይራ ለቀማ ሲመለስ አይቶ «ሸራ የተጣለበት ቤት መስሏል» አለ። የሱ አስሩም ጥፍር ጥቁር ነው፣ እጁ በእሾህ ተተልትሏል። የቤታችንን ወይራ ዘንድሮ ከወንድሙ ጋር ብቻ እያረገፈ ነው፤ እኔ በየዓመቱ አብሬው ነበርኩ። እጁን ቅባት ቀባሁለት።


ሐሙስ፣ ዲሴምበር 5

ክር ሲላላ ይዝላል፣ እየተርገበገበ አንገቷ ላይ ያሉትን ብረቶች ይነካና ይንጫጫል። ስለዚህ ከሴቪያ ወፍራም ክር አስመጣሁ። ቢላላም ጉልበት አለው። ጣቴን ግን ይበላዋል፤ በፍጥነት የምጫወተው ቦታ ላይ እንደ ጭቃ ይይዘኛል።

አንድ ድምፅ ከግማሽ። አባባ ደህና ዘፈኑ። ሁለተኛውን ስንኝ ከመጀመራቸው በፊት ብዙ አረፉ። ብርዱ ነው።


እሑድ፣ ዲሴምበር 15

ትናንት ማጣሪያው ነበር። አለፍን። መጀመሪያ ይህን ልጻፈው፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ይህን ያስረሳል። አለፍን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአስራ አንድ ስድስት ነው ያለፈው።

አባባ ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ወጡ። ካፖ አምስት። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች አዩዋት፣ ተጠቃቀሱ። አንዱ «አሁንም አምስት!» ሲል ጆሮዬ ገባ። አባባም ሰሙት፣ ደረታቸው ሰፋ። አጭር ዘፈኑ፣ ግን ዘፈኑ።

ከዚያ ያላሰብኩት መጣ። ማጣሪያ ሲያልቅ በልማዱ ያለፉት ተወዳዳሪዎች ሁሉ መድረክ ላይ ይወጡና አብረው ይጫወታሉ፤ ጊታሮቹ በአንድ ካፖ ይታሰራሉ፣ የሚጨፍር ይጨፍራል። ሃያ ዓመት ያየሁት ልማድ ነው። ክሬን አላልቼ ስሄድ ግን እንዴት ከጭንቅላቴ እንደወጣ እኔም አላውቅም። የክበቡ ፕሬዚዳንት «ሁላችሁም ሁለት ላይ!» አለ። ሁለት ላይ አሰርን። የመጀመሪያውን ምት ስንመታ አምስት ጊታር አንድ አለ፣ የኔዋ ሌላ አገር ሄደች። ደግሜ መታሁ፣ ባሰ።

ኒካሲዮ አጠገቤ ነበር። ቧንቧ ሠሪ ነው፣ ከተማው ውስጥ እንደሱ ጣቱ የሚሮጥ የለም፣ ምላሱም እንደ ጣቱ ነው። «ቪሲ፣ ጊታሯን ካስክ ውስጥ አስገብተሻት ነበር እንዴ?» አለ፣ ጮክ ብሎ። አዳራሹ ፈነዳ። «መቃኛዋ ተንሸራቶ ነው» አልኩና በመዳፌ ክሩን ዘግቼ እስኪያልቅ የምመታ አስመሰልኩ።

ቀና ስል አባባ ፎንሶ ከመጋረጃው አጠገብ ቆመዋል። አልሳቁም። ጊታሯን እያዩ ነበር፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። መኪና ውስጥ ስለ ወይራው ዋጋ አወሩ። እኔም አወራሁ።

ማወቃቸው ነው? ሰው እየጮኸ ስለነበር ላይሰሙ ይችላሉ። እድሜም አለ።


ሐሙስ፣ ዲሴምበር 19

አልመጡም። ቴክላ ደውላ ብርድ ነው አለች። ለሁለት ወንበር ያሞቅኩት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሶሌያ ሳጅብ ቆየሁ። ዘፋኝ ሳይኖር ማጀብ ባዶ ወንበር ጸጉር እንደመቁረጥ ነው።


ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 24

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሳሎኑ ጢም ብሏል፣ ሁሉም ለገና ዋዜማ ካልተሠራሁ ይላል። ለአባባ የአልሞንድ ብስኩት ላክሁ። ቴክላ ሳህኑን መለሰችልኝ፣ ላዩ ላይ ሶስት ብርቱካን አድርጋ። ሳትገባ ሄደች።


ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9

ደንበኞቼ ካስክ ውስጥ ሆነው ሲያወሩ የማይሰማ ይመስላቸዋል። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ግን ስለማይሰማ ነው የሚጮኸው።

«ቪሲ እኮ ታሳዝናለች። ሽማግሌው ፌብሩዋሪ ይደርሳል ብላ ነው?»

«ዝም በይ፣ እዚሁ ናት።»

«ምን አልኩ? ሁሉም የሚያውቀውን ነው።»

ሁሉም የሚያወራውን ብትል ይሻል ነበር። ጸጉሯን ካሰብኩት በላይ አሳጠርኩት። በኋላ ቅር አለኝና የትከሻ ማሸት ጨመርኩላት።

ከሰዓት ኒካሲዮ የመታጠቢያውን ቧንቧ ሊያይ መጣ። ማን ጠራው? ብራውሊዮ ይሆናል። ከመታጠቢያው ገንዳ ስር ተኝቶ እንዲህ አለኝ፦ «የአክስቴን ልጅ ውሰጃት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ስድስት ላይ ትዘፍናለች። ከሷ ጋር ከገባሽ አንደኛነቱን ከእኔ ትነጥቂኛለሽ፤ እውነቴን ነው የምልሽ። ደንቡ ዘፋኝ መቀየር ይፈቅዳል።»

«ለምን ትነግረኛለህ?»

«ከደካማ ጋር ተወዳድሬ ባሸንፍ ሚስቴ እንኳ አታጨበጭብልኝም።»

እምቢ አልኩት። ስመልስለት ቁጣ ቢጤ ነበረብኝ፤ አሁን ሳስበው ግን ሰው ከገንዳ ስር ተኝቶ እንዲህ ያለ ደግነት ሲያደርግ አላየሁም። ቧንቧውንም በነጻ ነው የሠራው።

ስድስት ላይ የምትዘፍን። ክሬን ወደ ቦታው መልሼ፣ ቀጭኑን ክር አስገብቼ፣ ጣቴ እንደፈለገ ሲሮጥ። አላሰብኩትም ብዬ ለዚህ ደብተር አልዋሽም። ድንች ስልጥ ሙሉውን ጊዜ ሳስበው ነበር።


ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16

አልመጡም። ሄጄ ልጠይቃቸው እያልኩ ብራውሊዮ ዘንድ ወይራ ለቀማ ሄድኩ። ወይራው የሚረግፍበትን መረብ ጎተትኩ። ጓንት አድርጌ።


ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 30

መጡ!

በሩን አንኳኩተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንደ እንግዳ። ከስተዋል፤ ሸሚዙ አንገታቸው ላይ ሰፍቷል። ተቀመጡና «ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

ክሩን ሁለት ሙሉ ድምፅ አላልቼው ነበር። ካፖ አምስት። ይህ ማለት የሚዘፍኑት አንድ ላይ ነው። ወፍራሙም ክር አልቻለም፣ ስድስተኛው በእያንዳንዱ ምት ይንጫጫል። ቀስ ብዬ ብመታም ይንጫጫል። አባባ አይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፣ ዘፈኑ፣ አረፉ፣ ዘፈኑ። ስለ ዲሴምበር ምንም አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም። ሲሄዱ ደፉ ላይ ቆመው «ይቺ ልጅ ታማለች» አሉ። ቴክላን መሰለኝ። ጊታሯን ነው የሚያዩት።

«ደህና ናት አባባ።»

«እሺ» አሉ።

እንዲህ ሆና ዳኛ ፊት ከገባሁ አበቃልኝ። አውቀዋለሁ። ክሩን ከመለስኩ ደግሞ ወይ ካፖዋ ሰው ፊት ትወርዳለች፣ ወይ እሳቸው አቀበቱ ላይ ሰው ፊት ይወድቃሉ። ከወረድኩ ቤቴ እቀመጣለሁ ብለዋል፤ ቃላቸውን ደግሞ አያጥፉም። ቤታቸው መቀመጣቸው ለምን እንዲህ እንደሚያስፈራኝ ግን አልገባኝም። የሰው ቤት ነው፣ ሞቃት ነው፣ ቴክላ አለች።

ወስኛለሁ። እያንጫጫሁ እገባለሁ።


ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

ጥፍር ደህና። ስንኝ አንድ ደህና። ስንኝ ሶስት መሃል ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እዚያ ፈጥኜ በጊታር ልሸፍን። ኡርሱላ ሻማ አብርቼልሻለሁ አሉ። የወይራው ለቀማ አለቀ።


ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

የመጨረሻው ልምምድ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። «ለቅዳሜ እናስቀምጠው» አሉ። ቴክላ መኪናው ውስጥ ካስገባቻቸው በኋላ ተመልሳ መጣችና አቀፈችኝ። ለረጅም ጊዜ። ቀለም በቀለም ሆነች፣ እሳቸው ሲወጡ የቀለም ዕቃ ላጥብ ጓንት አድርጌ ነበር። «ምንድን ነው?» አልኳት። «ምንም፣ አመሰግናለሁ ልልሽ ነው» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።


እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 23

ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ልውል ነው፣ ብራውሊዮ ምስር እየቀቀለ ነው፣ ቤቱ ሽታው ጥሩ ነው። ከመጀመሪያው ልጀምር።

አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የቆመም ነበር። የእኛ ዕጣ የመጨረሻው ነው። ከእኛ በፊት ኒካሲዮ ተጫወተ፤ ጣቱ እሳት ነበር፣ ምን ልበል፣ አጨበጨብኩለት። ከዚያ ስማችን ተጠራ። አባባ ክንዴን ይዘው ወጡ። ሰው ይህን ክብር ብሎ አየው፤ እኔ ግን ክብደታቸው ሁሉ ክንዴ ላይ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር።

ተቀመጥን። ካፖዋ አምስት ላይ፣ ክሩ ሁለት ድምፅ ወርዶ። ሽማግሌዎቹ አዩ፣ «አምስት» የሚለው ሹክሹክታ ከፊት ረድፍ ወደ ኋላ ሄደ። አባባን አየሁ፣ ልጀምር ወይ በሚል። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አይሆንም በሚል። ጎንበስ አሉብኝ። በቀስታ የሚናገሩ መስሏቸው ነበር፣ ግን የዘፋኝ ድምፅ ነው፣ ሶስተኛ ረድፍ ድረስ ተሰማ።

«ጊታርሽ ሦስት ወር ስትስል ሰማኋት» አሉ። «ለሳሉ እኔ እበቃለሁ። ክሩን አክርሪው።»

ደም ፊቴ ላይ ወጣ። «አባባ፣ እዚህ?»

«እዚሁ። ቤታችን እኮ ነው።»

ሰው በተሞላ አዳራሽ ስድስት ክር እንደ አዲስ መቃኘት ምን እንደሚመስል የማያውቅ አይጠይቀኝ። ጆሮዬ ተደፈነ። የመጀመሪያውን ክር ሳከርረው አለፈኝ፣ ስመልሰው ወረደብኝ። አንድ ሰው ሳል አለ። አንድ ሌላው ሳቅ ሊጀምር ነበር። ያኔ ከመድረኩ ጎን አንድ ክር ተመታ፣ ጥርት ያለ፣ አንድ ብቻ። ኒካሲዮ ጊታሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አምስተኛውን ክር እየመታልኝ ነው። አላየኝም፣ ጣሪያ ጣሪያውን ነው የሚያየው። ከሱ ጋር አስማማሁ። አራተኛውን መታልኝ፣ አስማማሁ። ስድስቱንም እንዲሁ አስቃኘኝ፣ አሸናፊነቱን ልወስድበት የምችል ሰው መሆኔን እያወቀ። ይህን ሰው በዲሴምበር በልቤ የረገምኩትን ርግማን ሁሉ አነሳለሁ።

«ካፖዋን የት ልሰር?» አልኩ።

«አንድ ላይ» አሉ አባባ፣ ይኼን ጊዜ ሆን ብለው ጮክ አድርገው። ከዚያም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «ምን ታፈጣላችሁ? እናንተስ ደረጃውን የወጣችሁት በአሳንሰር አይደል?» አሏቸው። አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ጥሩ ሳቅ ነበር፣ የሚያሞቅ።

ጀመርኩ። ጊታሯ ተመለሰችልኝ። ሦስት ወር ሙሉ ጭቃ ውስጥ ስሮጥ ቆይቼ ደረቅ መሬት የረገጥኩ ያህል ነበር። ግን መሮጥ አልፈለግኩም። አባባ ዝቅ ባለው ድምፃቸው ገቡ፤ ያን ድምፅ እኔ እንኳ አላውቀውም ነበር፣ ወፍራም፣ ሻካራ፣ ወደ ንግግር የቀረበ። አቀበቱ ላይ ጩኸት አልነበረም። እንደ ሰው ሄዱት።

ሶስተኛው ስንኝ መሃል ላይ ትንፋሻቸው አለቀ። ቃሉ ግማሽ ሆኖ ቆመ። እዚህ በጊታር ልሸፍን ተዘጋጅቼ ነበር፣ ደብተሬ ላይ ሳይቀር ጽፌዋለሁ፣ ጣቶቼም ለመሮጥ ተነስተው ነበር። ተውኩት። ያንኑ አንድ ምት ይዤ፣ ልኩን ሳልለቅ፣ ጠበቅኳቸው። ደገምኩት። ጠበቅኩ። ሰው ሁሉ ጠበቀ። አዳራሹ ውስጥ የሳቸው መተንፈስ ብቻ ነበር የሚሰማው፣ ማንም ፊቱን አላዞረም። ከዚያ አባባ ቀና ብለው የቀረውን ግማሽ ቃል አሉ፣ እስከ መጨረሻው። ከአዳራሹ «ኦሌ» የሚል የአድናቆት ድምፅ መጣ፤ የተኛ ሕጻን እንዳይነቃ የሚባል ዓይነት፣ ዝግ ያለ።

ኒካሲዮ አንደኛ ሆነ፣ ይገባዋል። እኔ ሁለተኛ። አንድ ሙሉ የአሳማ ጭን ተሸልሜ ብራውሊዮ እንደ ሙሽራ ተሸክሞት ወጣ። ሁለተኛ የወጣም በበጋው ፌስቲቫል ይጫወታል ተባለ። ከዳኞቹ አንዷ «እስካሁን የት ነበርሽ?» አለችኝ። «ጸጉር ስሠራ» አልኳት።

ውጭ መኪና ስንጠብቅ አባባን ጠየቅኳቸው።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ያላላሽው ቀን ነዋ። ሳንባዬ እንጂ ጆሮዬ ምን ሆነ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«መንጠራራት ላቃተው ሰው መደርደሪያውን ዝቅ ሲያደርጉለት ይቆጣል? ደስ ብሎኝ ነበር ልጄ። ያስደሰተኝን ያህል ግን አንቺን ሲያጎብጥሽ አየሁ። ያኔ በቃ አልኩ።»

ሳንባዬ አሉ። ሰምቻለሁ። ቴክላ መኪናውን ስታቆም ግን ስለ ተሸለምኩት የአሳማ ጭን ማውራት ጀመርኩ።


ሐሙስ፣ ማርች 6

ዛሬ መቀሴን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፣ ጸጉራቸው አንገታቸው ላይ ወርዶ ነበር። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥናቸው። ቴክላ ገበያ ሄደች። ስቆርጥላቸው አጥንታቸው በጣቴ ስር ታወቀኝ፣ ከጆሯቸው ኋላ ያለው ቆዳ ወረቀት ሆኗል። ከኖቬምበር ጀምሮ ስለ ምድጃ፣ ስለ እርጥበት፣ ስለ ብርድ ጽፌያለሁ። መለስ ብዬ አነበብኩት ትናንት። አንድም ቦታ ላይ እሳቸውን አልጠየቅኳቸውም።

መቀሱን አስቀመጥኩ። ከፊታቸው ዞሬ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ያምዎታል?»

ጉልበታቸው ላይ የወደቀውን ጸጉር አራገፉ።

«ያመኛል» አሉ። «ደረቴን፣ እዚህ። ሌሊት ሲሆን ይብሳል። ሐኪሙ እስከ በጋ ይላል፣ ግን አይኑን ሰብሮ ነው ያለኝ፣ ስለዚህ ከዚያም ያጥራል።»

ጉንፋን አይደለም። አልነበረምም። ይኸው ጻፍኩት።

እያንዳንዷን ጠየቅኳቸው፣ የት እንደሚጀምር፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚቀል፣ ሲያልባቸው ማን ልብስ እንደሚቀይርላቸው፣ ይፈሩ እንደሆነ። ይፈራሉ። ነገሩኝ፣ ቀስ ብለው፣ በሚሉት መሃል እየተነፈሱ። ሳልሸፍን ጠበቅኳቸው። አለቀስኩ፣ እሳቸውም ጥቂት አለቀሱ፣ ከዚያ ግማሽ ብቻ በተቆረጠው ጸጉራቸው ተሳሳቅን። ቴክላ ስትመለስ እንዲያ ሆነን አገኘችን። እቃዋን ሳታስቀምጥ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ሐሙስ ሐሙስ ሌሊቱን እኔ እንዳድር ተስማማን።

በሩ ላይ ጨርሼ ልወጣ ስል ልነግራቸው ያሰብኩት ብዙ ነበር። ስለ ጊታሩ፣ ስለ ልጅነቴ፣ ስለ ውድድሩ ቅዳሜ። አፌን ከፈትኩ።

«ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ፣ ቪሲ» አሉኝ። «ክረምቱን ሙሉ ሰው ሁሉ ስለ ድምፄ ነበር የሚጠይቀኝ።»

ማመስገን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ቀደሙኝ።